ቁልፍ ቀራጩ ያስፈረሙኝ ወረቀት

ጠባሴ ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ያላት ትንሽ ፔንሲዮን አለችኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንግዳ ገና ከመግባቱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ነው የሚጠይቀኝ። ስለ ቁልፍ የሚጠይቅ የለም። እኔም እስካለፈው ጥር ድረስ አስቤበት አላውቅም።

በጥር አንዲት ሠራተኛ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ማስተር ቁልፉም አብሯት ሄደ። በክፋት አይመስለኝም፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ረስታው ይሆናል። ግን ያ አንድ ቁልፍ ዘጠኙንም በር ይከፍታል። ያን ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ አደርኩ።

ድሮ የማስቀርጽበት ሰው ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን ወንፊት። አንድ ቀን ቡና ቤት ቁጭ ብሎ የአንድ ነጋዴ ካዝና እንዴት እንደከፈተ ሲያወራ ሰማሁት። ካዝናው የትኛው ክፍል፣ የቱ ጥግ እንዳለ ሳይቀር። ነጋዴውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። የእኔን ቤት የት ቁጭ ብሎ እንደሚተርክ እያሰብኩ።

ስለዚህ ሌላ ፈለግኩ። ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ባለቤቱ ስልሳ የሞላቸው ይመስለኛል። ነገሬን ሰምተው ሲጨርሱ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጡ።

«እታለም፣ መጀመሪያ ይቺን ያንብቡና እንፈራረም።»

«ጋሼ፣ ቁልፍ ለማስቀረጽ ደግሞ ውል ምን አመጣው?»

አንዱን የክፍል ቁልፌን ገልብጠው የተቀረጸበትን ቁጥር አሳዩኝ። «እንዲህ ያለ ቁጥር የያዘ ባለሙያ ቁልፉን ሳያየው ይቀርጸዋል» አሉኝ። ስንት ዓመት ያንን ቁልፍ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰቅዬ ኖሬአለሁ!

ማታ ለእህቴ ልጅ ብነግረው ከት ብሎ ሳቀ። ኮምፒውተር ነው የሚማረው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሳንዲያጎ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጣሪያ ላይ፣ ወደ 60 ሜትር ርቀት፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ ፎቶ አንስተው ከፎቶው ብቻ ቅጂውን ሠርተዋል አለኝ።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፣ ደግሞ በሚገባን አማርኛ። የቁልፌን ቁጥር፣ አድራሻዬን፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት፣ ቤቴ ገብተው ያዩትን ሁሉ ለማንም አይናገሩም። ደንበኛነቴ ቢቋረጥም ዝምታው ይቀጥላል። ፍርድ ቤት ካዘዘ ግን ይሰጣሉ። የተበላሸ ቅጂ ዓይኔ እያየ ይቆረጣል። ያለ እኔ ፊርማ ለማንም አይቀረጽም። የደስ ደስ ያለው ደግሞ መዝገባቸው ነው፤ ሥራው በቁጥር ብቻ ይጻፋል፣ የቁጥሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ያለበት ደብተር እቤታቸው ነው ያለው። ሱቁ ቢሰበር ሌባው የሚያገኘው ቁጥር ብቻ ነው።

ሐኪምንና ጠበቃን ምስጢር እንዲጠብቁ ሕግ ይይዛቸዋል። ቁልፍ ቀራጭን ይዞት የኖረው ይሉኝታ ነው፣ ይሉኝታ ደግሞ ቡና ቤት ሲገባ ይቀልጣል።

ግን ጉድለት አለው። ውሉን ቁርስ እኔ ጋ ለሚበላ የሕግ ባለሙያ አሳየሁት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአግባቡ የተደረገ ውልን በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ያየዋል፤ ውሉን ላፈረሰ የሚከፈለውንም ካሳ አስቀድሞ መቁረጥ ይፈቅዳል አለኝ። እዚህ ወረቀት ላይ የካሳው ቦታ ነጠብጣብ ብቻ ነው። የምስክርም መስመር አንድ ናት። «ሁለት አድርጉት፣ ነገ ክርክር ቢመጣ ይጠቅማችኋል» አለ። ጋሼ ሲሰሙ አልተቆጡም፣ ሁለተኛውን መስመር በእስክሪብቶ አሰመሩ። ካሳው ላይ ግን ጭቅጭቅ ነበር። በመጨረሻ ዘጠኙን ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን የበሩን ክፍል፣ እንደገና የማስቀየሪያውን ዋጋ ጻፍን።

ከሁሉ ያናደደኝ ልጁ ነው። ረዳታቸው በሮቼን ሲለካ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። «ለጋሼ ላሳያቸው ነው» ይላል። እሱም ውሉን ፈርሟል እኮ! ዓይኔ እያየ አስጠፋሁት። እዚህ ላይ ጋሼ ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ስለ ስልክ አንድ ቃል አይልም።

ሥራው ራሱ ደህና ነው። በሁለት ቀን ዘጠኙም ተቀየሩ፣ የስድስት ቁጥር ቁልፍ ብቻ ጠዋት ጠዋት ጠበቅ ይላል፣ ምናልባት ከብርዱ ይሆናል። ዋጋቸው ከሌላው ትንሽ ወደድ ይላል። እኔ ግን ተመልሼ ሄጃለሁ፣ አሁንም እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ የጓሮውን በር ቁልፍ ሊያስቀርጽ ሄዶ ነበር። መታወቂያ አሳየ፣ የጋብቻ ነገር አወራ፣ አልተቀበሉትም። «ውሉ ላይ ያለው የእሳቸው ስም ነው» ብለው ባዶ እጁን ሸኙት። እስካሁን አኩርፏቸዋል።