ለጥቁር አንበሳው የሌሊት ተረኛ የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ልጄ በተወለደ በማግሥቱ እንደ ተፈጨ ቃሪያ አረንጓዴ አስታወከ። ካካም አላለም። የተወለደበት ቦታ «ጋዝ ነው፣ ይለቀዋል» አሉን። ባለቤቴን ጭራሽ «ጡት አያያዙን አልቻልሽበትም» ብለው አስለቀሷት። ሁለተኛ ልጇ ነው እኮ! ሌላ ቦታ ሄድን። እዚያ ደግሞ ተረከዙን ጨምቀው ጨምቀው ደም ቀዱና «ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል፣ ውጭ አሠራው» ብለው ቲዩቧን እጄ ላይ አስቀመጧት። ቦታዎቹን አልጠራም። ራሳቸውን ያውቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር አንበሳ ገባን። ኤክስሬዩን አይተው አንጀቱ ከላይ ዝግ ሆኖ ነው የተወለደው አሉን። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በደሙ ውስጥ ያለው ጨው መታወቅ አለበት ተባለ። ያችኑ ቲዩብ ይዤ ላብራቶሪ ወረድኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።

ተረኛው መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ነው። ደሙን በማሽን አሽከርክሮ ወደ መብራቱ አነሳው።

«አየህ ወንድሜ፣ ከላይ ያለው ውሃ ጠጅ መምሰል ነበረበት። ይኼ ካርካዴ ሆኗል። ደሙ ተሰባብሯል፤ ፖታሲየም የሚባለውን ጨው በውሸት ከፍ ያደርግብኛል። በዚህ ውጤት አልሰጥህም።»

ነደደኝ። የሦስት ቀን ልጅ ስንቴ ይወጋል ብዬ ጮህኩበት። አልመለሰልኝም። ዕቃውን ይዞ አብሮኝ ደረጃውን ወጣ። የልጄን እጅ በመዳፉ ይዞ አሞቀው፣ ደም ሥሩን ፈለገ፣ አንዴ ብቻ ወጋው።

ብዙም ሳይቆይ ወረቀቱን ራሱ ይዞት መጣ። ፖታሲየም 2.6፣ ዝቅ ብሏል። ክሎራይድ የሚሉትም ሌላው ጨው ወርዷል። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የገባኝ ሐኪሟ «ይሄ ሳይስተካከል ማደንዘዣ የለም» ማለቷ ነው። አንድ ቀን ሙሉ በፈሳሽ አስተካክለው በማግሥቱ ኦፕራሲዮን ሆነ። ያ ካርካዴ ተመርምሮ «ደህና ነው» ተብሎ ቢሆንስ? አሁንም ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ወገኖቼ፣ አራስ ልጅ አረንጓዴ ካስታወከ «ይለቀዋል» የሚላችሁን አትስሙ፤ በዚያው ሰዓት ሩጡ። «ናሙናው ይደገም» የሚላችሁ ላይ ደግሞ እንደኔ አትጩኹ። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ መርቁልኝ።

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ባለፈው ሳምንት ልጁን ይዤለት ሄድኩ። የሆዱን ጠባሳ ላሳየው ልብሱን ስገልጥ፣ እሱ ካልሲውን አውልቆ ተረከዙን ነው ያየው። «ጠፍቷል ምልክቱ» አለኝ።