ለአንድ ፋርማሲስት ምስጋና፣ ዋርፋሪን ለጀመራችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ላመሰግን ነው። የሆስፒታል ፋርማሲስት ነው፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ይከታተላል። ስሜን በአደባባይ እንዳትጽፊ ስላለኝ አልጽፈውም። እንዴት እንደምታገኙት ግን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ታማሚዋ ታናሽ እህቴ ናት። በኦፕራሲዮን ወለደች፤ እሷም ልጁም ደህና ሆነው ቤት ገቡ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ጠያቂው ሁሉ እንደ ወጉ ቀጠለ፤ እሷም እንደ ወጉ ከአልጋ አልወረደችም። ከዚያ ግራ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ባቷ ሲነካ ያማታል፣ ቆዳው ይሞቃል። ቀኝ እግሯ ግን ምንም አልሆነም። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነው መቼም፤ አንዷ ብርድ ነው አለች፣ ሌላዋ ምች ነው አለች፣ አክስታችን ደግሞ ጅማት ዞሮባት ነው ብላ ወጌሻ አስጠራች። መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክም "የወለደች ሴት እግር ያብጣል፣ ትራስ ላይ አድርጉላት" ብሎ ሸኘን።

ደግነቱ ከወጌሻው በፊት ሕፃኑን ልታይ የመጣች አዋላጅ ነርስ ደረሰች፤ እሷም ትመስገን። ሜትር አውጥታ ሁለቱንም ባቶች ለካች። ልዩነቱን ስታይ "ማንም እንዳያሻት፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት" አለች። በዚያው ቀን በዶፕለር አልትራሳውንድ ታየች፤ ጭኗ ውስጥ ባለው ጥልቁ ደም መልስ ላይ የረጋ ደም ተገኘ።

ሐኪሞቹ የሚገባውን አደረጉ፣ አላማቸውም። ግን ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ምን እንደሆነች ቁጭ ብሎ ያስረዳን ፋርማሲስቱ ነው። ደም ከልብ በደም ቅዳ ይወጣል፣ በደም መልስ ይመለሳል። ከእግር ወደ ላይ የሚገፋው በዋናነት የባት ጡንቻ ነው፤ በተራመድን ቁጥር እየጨመቀ ወደ ላይ ይሰደዋል፣ ደም መልሱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጉበታል። ሰው ተኝቶ ሲውል ይሄ ሁሉ ይቀዘቅዛል። እርግዝና በበኩሉ ደሙ ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈስ የተፈጥሮ ዝግጅት ነው፤ ይህ ደግሞ ሴትየዋ ስለወለደች ወዲያው አይጠፋም፣ የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ዋነኞቹ የአደጋ ጊዜዎች ናቸው። ኦፕራሲዮኑን ጨምሩበት። ግራ እግሯ መሆኑም እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዳሌ ውስጥ የግራውን እግር ደም መልስ የቀኙ ደም ቅዳ ተሻግሮ ይጫነዋል፤ ማህፀን ሲከብድ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ በነፍሰ ጡርና በአራስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመታው ግራው ነው።

እማዬ "ቢታሽ ኖሮስ?" ብላ ጠየቀችው። ከረጋው ደም ላይ ቁራጭ ተነቅሎ ሳንባ ሊደርስ ይችል ነበር አላት። ዝም አለች። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣባት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት ብሎ ደጋግሞ ነገረን። አራስ ያላችሁ ይህቺን አንቀጽ ብቻ እንኳ ያዙልኝ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። መጀመሪያ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ተሰጣት፣ አብሮ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ተጀመረ። እኛ ቤት "ለምን ሁለት ነገር? ሊበዘብዙን ነው" ተባለ። የሆነው ግን ዋርፋሪን ዛሬ ተውጦ ዛሬ አይሠራም። ለመያዝ ቢያንስ 5 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ እስከዚያ የሚጠብቃት መርፌው ነው። ይህን የሚያስረዳ ሰው ባይኖር ኖሮ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መርፌውን ያስቆመው ነበር፣ ቀልዴን አይደለም።

ከዚያ አክስቴ ስልኳን ይዛ መጣች። "የአይጥ መርዝ ነው የሚሰጧት!" እኔ የጠበቅኩት ፋርማሲስቱ እንዲስቅባት ነው። አልሳቀም። እውነትሽን ነው አላት። በ1920ዎቹ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም ብሎ ያልቁ ነበር፤ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ተከታትለው ከድርቆሹ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር አገኙ፣ ከእሱ የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ ለአይጥ ወጣ፣ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ልዩነቱ መጠኑ ነው፣ ለዚህ ነው በየጊዜው ደሟን የምንለካው አላት። አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ጠበቃ ሆናለች።

የሚለካው ደሙ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ውጤቱ አይ ኤን አር በሚባል ቁጥር ይነገራል። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው፤ የእህቴ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 ከወረደ ደሙ እንደገና ሊረጋ ይችላል፣ ከ3 በጣም ካለፈ ደግሞ መድማት ይመጣል። ድዷ ወይ አፍንጫዋ ቢደማ፣ ሰገራዋ ቢጠቁር፣ ሽንቷ ቢቀላ፣ ሳትመታ ሰውነቷ ቢበልዝ ቶሎ እንድንመጣ ነገረን። ሙሉ ክኒን የምትውጥበትንና ግማሽ የምትውጥበትን ቀን ለይቶ ካላንደር ላይ በሁለት ቀለም አቀለመላት። ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። በአንዳንድ ፋርማሲ መስኮት እኮ ይሄንኑ መድኃኒት "በቀን አንድ" ብለው ወርውረውልህ ቀጣዩን ይጠራሉ።

የጎመኑን ነገር ልንገራችሁ። ሁዳዴ ገባ፣ ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነው፣ ጎመንና ቆስጣ በየቀኑ ማዕድ ላይ አለ። እሷ ባትጾምም ከዚያው ነው የምትበላው። አይ ኤን አሩ ከ2 በታች ወረደ። ቅጠላ ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለው፣ ዋርፋሪን ደግሞ የሚሠራው ይህንኑ ቫይታሚን ሥራ በማሰናከል ነው፤ ጎመኑ ሲበዛ መድኃኒቱ ይሸነፋል። ብዙ ሰው "ጎመን ክልክል ነው" ተብሎ ይመጣል አለኝ። እሱ አልከለከላትም። በሳምንት የምትበዪው መጠን ተመሳሳይ ይሁን፣ አንዴ ጥለሽ አንዴ አትጫኚው ነው ያላት፤ መድኃኒቱን ከአመጋገቧ ጋር አስተካከለላት። ሰው የሚበላውን ጠይቆ መድኃኒት የሚያስተካክል ባለሙያ እኔ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ሌላ ቀን ሆዷን ቆረጣት፣ ባሏ አሜባ ነው ብሎ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ይዞ መጣ። እሷ ከመዋጧ በፊት ለፋርማሲስቱ ደወለችለት። እንኳን ደወለች! ሜትሮኒዳዞል ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደሙን ከመጠን በላይ ያቀጥነዋል። የራስ ምታትና የወገብ ማስታገሻ ብለን የምንውጣቸው አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክም ለመድማት ያጋልጣሉ። የባህል መድኃኒትም ሳትነግሩኝ እንዳትጀምሩ ብሎናል። መቼም ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳ ባለሙያ ከየት ይገኛል?

ወንድማችን ደግሞ ሜሪላንድ ነው ያለው። እዚያ ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያ አይቶ ሪቫሮክሳባን የሚባለውን አዲሱን የደም ማቅጠኛ ልላክ አለ፤ ምርመራ አይፈልግም፣ ጎመንም አይከለክልም። እውነት ነው፣ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለብዙ ሰው ይሻላል። ለምታጠባ እናት ግን አይመከርም፤ ዋርፋሪን ግን እያጠቡ ሊወሰድ ይችላል። ብሩን ለዳይፐር ላከው ተባለ። ላከም።

ፋርማሲስቱ እህቴን ብቻዋን አድርጎ ያወራት ነገርም አለ፤ እሷ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ዋርፋሪን እየወሰደች ብታረግዝ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ደግሞ ደም የማርጋት ጠባይ ስላለው ለእሷ አይሆንም። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግሮ ሌላ ዘዴ አስመረጣት። ወደፊት ስታረግዝም ገና ከመጀመሪያው ለሐኪም እንድትናገር፣ ያኔ መከላከያው በመርፌ እንደሚሆን ነገራት። ይህን ሁሉ ሳያሳፍራት።

አባዬ እሷን ሊያደርስ ሄዶ እሱም ታካሚ ሆኖ መጣ። ዳገት ሲወጣ ባቱን ይይዘዋል፣ ሲቆም ይለቀዋል፤ እርጅና ነው እያለ ነበር የኖረው። ፋርማሲስቱ ሲጋራ ታጨሳለህ፣ የስኳር በሽታ አለብህ ብሎ ጠየቀው፣ ሁለቱም አሉ። የአንተ ከደም መልስ ሳይሆን ከደም ቅዳ ይመስለኛል፣ ሲጠብ እንዲህ ያደርጋል፣ የልጅህን መድኃኒት እንዳትቀምስ ብሎ ወደ ሐኪም ላከው። ሐኪሙም ያንኑ አገኘ። አሁን አስፕሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ይወስዳል፣ በየቀኑ በእግሩ ይሄዳል። ሲጋራውን አቁሜያለሁ ይላል፣ ጃኬቱ ግን ሌላ ይሸታል።

እህቴ አሁን ደህና ናት፤ ማታ ማታ ትንሽ እብጠት አለ፣ የሚያጠብቀውን ካልሲ ታደርጋለች፣ ልጁ አድጎ ያስሮጣታል።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች የደም ማቅጠኛ ክትትል ክሊኒክ አላቸው፤ ዋርፋሪን ከታዘዘላችሁ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ክኒን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። እሱን ራሱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሳችሁትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።