ለልጆች ለሚጽፍ ሰው ስክሪቭነር ያዋጣል ወይ?

ስክሪቭነር ስለሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም የሚወጡትን ግምገማዎች በብዛት የሚጽፏቸው የረጅም ልብወለድ ሰዎች ናቸው። እኔ የምጽፈው ለልጆች ነው፤ ሥራችን ይለያል። የሥዕል መጽሐፍ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ቃላት አያልፍም። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የሚጻፍ ልብወለድ ግን 40,000 ቃላት ሊደርስ ይችላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ነው የምሠራው። አንዱ የአርታኢ አስተያየት ይጠብቃል፣ ሌላው ሰዓሊው እስኪጨርስ ተቀምጧል፣ ሦስተኛው ገና ሐሳብ ነው። ከመጻፉ ይልቅ መጠበቁና እንደገና መጻፉ ይበዛል፤ ፕሮግራሙንም የምመዝነው በዚህ ነው።

የሚሠራው ሊተሬቸር ኤንድ ላቴ የሚባል ኩባንያ ሲሆን መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለማክ ነበር፤ ኋላ ለዊንዶውስና ለአይፎንም መጣ። መሥራቹ ኪት ብላውንት ራሱ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ነው፣ የሚመቸው መሣሪያ ስላጣ ፕሮግራሚንግ ተምሮ ሠራው። ይሄ ከአጠቃቀሙ ያስታውቃል።

በጣም የምወደው ስናፕሾት የሚባለውን ነው። ጽሑፉን ከመነካካታችሁ በፊት አንዴ ስትጫኑት የዛሬውን መልክ እንዳለ ያስቀምጥላችኋል፣ በኋላ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። ለልጆች ስንጽፍ ጮክ ብለን እያነበብን ነው የምናርመው፤ አንድ ቃል ሲለወጥ የዓረፍተ ነገሩ ምት በሙሉ ይለወጣል፣ ዛሬ አልጥም ብሎኝ ያወጣሁት መስመር ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ከሁሉም የተሻለው ሆኖ ይገኛል። ያኔ ፍለጋ የለም፤ እዚያው አለ።

የጽሑፉን ክፍሎች በካርድ መልክ ደርድሮ የሚያሳየው ኮርክቦርድም ጥሩ ነው፣ ግን ለሥዕል መጽሐፍ እስከ አንድ ደረጃ ብቻ። የሥዕል መጽሐፍ በተለምዶ 32 ገጽ ነው፤ ማተሚያ ቤት ትልቅ ወረቀት አትሞ ስለሚያጥፍ ገጾቹ በ8 ወይም በ16 ብዜት ነው የሚሄዱት። የርዕስና የመብት ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ ከ12 እስከ 14 ጥንድ ገጾች ይቀራሉ። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ካርድ አድርጌ አቀያይራለሁ፣ የታሪኩ መሐል ሲላላም ወዲያው ይታየኛል። የማይታየው ገጽ ሲገለጥ የሚሆነው ነገር ነው። ልጁ ትንፋሹን ይዞ «ከዚያስ?» የሚለው እዚያ ላይ ነው፤ ካርድ ደግሞ አይገለጥም። ስለዚህ ስምንት ወረቀት አጥፌ፣ ጽሑፉን ቆራርጬ ለጥፌ፣ በእጄ እየገለጥኩ ነው የማየው። ይህን የሚተካ ፕሮግራም እስካሁን አላየሁም።

ስክሪቭነር ገጽ የሚያቀናብር ፕሮግራም እንዳይመስላችሁም፤ ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ላይ ለማስቀመጥ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ጽሑፉን አንድ ፋይል አድርጎ የሚያወጣው፣ ኮምፓይል የሚሉት ክፍል ደግሞ ምርጫው ስለበዛ ጀማሪን ያደክማል። ለአርታኢ ለመላክ ብቻ ከሆነ ወደ ወርድ አውጡትና ተገላገሉ።

ክፍያው አንድ ጊዜ ነው፣ በየወሩ አይደለም። የሙከራው 30 ቀንም የሚቆጠረው ፕሮግራሙን በከፈታችሁባቸው ቀናት ብቻ ነው፤ እንደኛ እየተዉ ለሚመለሱ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለአንድሮይድ ግን የለም፤ በስልክ የምትጽፉ ከሆነ አስቡበት።

እኔ ለቀጣዩ ሥራዬም እዚሁ ነኝ። አሁን የያዝኩት የልብወለዱን ሁለተኛ ረቂቅ ነው። ከዚያ በኋላ ማንበብ ገና ለጀመሩ ልጆች ሦስት አጫጭር ተከታታይ መጻሕፍት አስቤአለሁ፤ ሦስቱንም በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ላስቀምጣቸው ነው። የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር በአንድ ፎልደር ይሆናል፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው መጽሐፍ ጥቁር የነበረው ውሻ በሦስተኛው ቡናማ ሆኖ ቢመጣ አዋቂ ያልፈዋል፣ ልጅ ግን አያልፈውም። ጎን ለጎን ጮክ ተብለው የሚነበቡ ግጥሞችም ጀምሬአለሁ። እነሱን ደብተር ላይ ነው የምጽፋቸው፤ ወደ ስክሪቭነር የሚገቡት በቃሌ ስወጣቸው ነው።