ለካርቦን ሳይክል የቱን ልግዛ? ግራሶ ወይስ ፔስት፣ ባለ 5 ኒውተን ሜትር ቁልፍ ወይስ የሚስተካከለው

የካርቦን መሪ ወይም የኮርቻ ዘንግ ገዝታችሁ ራሳችሁ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ሁለት ነገር መምረጥ አለባችሁ። ምን ትቀቡታላችሁ? በምንስ ታጠብቁታላችሁ?

ጣጣው የሚበዛው ቅባቱ ላይ ስለሆነ ከሱ እንጀምር። ግራሶ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ የብረት ዘንግ ብረት ፍሬም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ትክክለኛው እሱ ነው። ካርቦን ላይ ግን ያንሸራትታል። እየነዳችሁ ዘንጉ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ብሎኑን ትንሽ ታጠብቃላችሁ፣ ነገም ይሰምጣል፣ አሁንም ትጨምራላችሁ፣ አንድ ቀን ቀጭ ይልና ያ ሁሉ ብር ተሰነጠቀ። ካርቦን እንደ ብረት መጀመሪያ ጎበጥ ብሎ አያስጠነቅቅም።

የካርቦን ፔስት ውስጥ ደቃቅ ፍሬዎች አሉ፤ በጣት ስትነኩት አሸዋ አሸዋ ይላል። እነሱ ሁለቱን ገጽ ቆንጥጠው ስለሚይዙ ብሎኑን ብዙ ሳታጠብቁት ይይዛል። ፓርክ ቱልም፣ ፊኒሽ ላይንም፣ መክ ኦፍም ያመርቱታል። በኔ ግምት ለቤት ሥራ ልዩነታቸው የሚያጣላ አይደለም፤ የረከሰውን ውሰዱ። እንዲያውም መጀመሪያ የዕቃውን ካርቶን ፈትሹ፣ አንዳንዴ ትንሽ ከረጢት ፔስት አብሮ ይመጣል። የአሉሚኒየም ዘንግ ካርቦን ፍሬም ውስጥ ቢገባም ፔስቱን ነው የምመርጠው፣ ደረቁን ከገባ በላብና በዝናብ በልቶት ሊጣበቅ ይችላል። ግራሶውንም አትጣሉት፣ ለብሎኑ ጥርስ ይሆናል። ፔስቱን ግን ኩሽኔታ አጠገብ እንዳታደርሱት፣ ይፈጨዋል።

ወደ ቁልፉ እንምጣ። በተራ ብሩጎላ "እጄ ያውቀዋል" የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምናቸውም።

እንደ ሪቼ ቶርክኪ ያለው ባለ 5 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ቁልፍ 5 ላይ ሲደርስ ያመልጣል፣ ልጨምር ብትሉም እምቢ ይላል። ትንሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። ችግሩ 4 የሚል ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ነው። የፓርክ ቱሉ ኤቲዲ 1.2 ከ4 እስከ 6 በግማሽ በግማሽ ይስተካከላል፤ ትንሽ ብር መጨመር ከቻላችሁ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ከ2 እስከ 14 የሚሄደው የተሞላለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚለው ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ብዙ ሳይክል ላለው ሰው ነው፣ ድምፁን ካላዳመጣችሁና መግፋት ከቀጠላችሁ ግን ብሎኑ ማጥበቁን ይቀጥላል። የመኪና ጎማ የሚፈታበትን ትልቁን ከጎረቤት መካኒክ አትዋሱ፣ እንዲህ ዝቅ ያለ ቁጥር አይለካም።

ዕቃው ላይ የተጻፈው 5 ጣሪያው ነው። ስቴሙ (መሪውን ቆንጥጦ የሚይዘው ክፍል) 6 መሪው 5 ካለ ትንሹን ያዙ። ፔስት ከቀባችሁ ከ4 ጀምሩ፣ ስቴሙ ላይ ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ፣ ከዚያ መሪውን በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ከተንቀሳቀሰ ብቻ ግማሽ ኒውተን ሜትር ጨምሩ።

ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ፔስቱን ግዙና ማጥበቁን ቶርክ ሬንች ያለው ሳይክል ጠጋኝ ጋ አሠሩት።