ዘጠኝ ወር፣ ሁለት ባትሪ፦ ከፍ ያለ ማርሚታ ያላት ሞተር ሳይክሌ

ይህችን ሞተር ሳይክል የገዛኋት ባለፈው ጥቅምት ነው። አሁን ሐምሌ ገብቷል። በመሀል ሁለት ባትሪ በልታለች።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። ከጎንደር ተነስቼ በአዘዞ በኩል ወደ ቆላ ድባና ጯሂት፣ አንዳንዴም እስከ ጎርጎራ እወርዳለሁ። ጎርጎራ ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍሬኗ፣ ጎማዋ፣ የነዳጅ ፍጆታዋ እንከን አይወጣላቸውም። የኔ ጣጣ ከማርሚታው፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው ጋር ነው።

ሻጩ «ወንድሜ፣ ማርሚታዋ ከፍ ያለ ነው፤ በክረምት ውሃ አይገባበትም፣ ድንጋይ አያገኘውም» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ቱቦው ከሲሊንደሩ ወጥቶ በቀኝ በኩል ሽቅብ ይታጠፍና በመቀመጫው ስር ወደ ኋላ ይሄዳል። ባትሪውም የተቀመጠው እዚያው ነው፣ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ጀርባ፣ ከቱቦው ከፍ ብሎ። በመሀላቸው ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለም። ይህን አልነገረኝም። እኔም ሽፋኑን አስከፍቼ አላየሁም።

የመጀመሪያው ባትሪ ጥር መጨረሻ ላይ ሞተ። «ባትሪ ዕድል ነው» አለኝ ሻጩ። አዲስ ገዛሁ። እሱም መጋቢትን አልጨረሰም። ጯሂት ላይ በሬ አክሜ ስመለስ እምቢ አለችኝ፤ በእግሬ እየረገጥኩ በስንት መከራ አስነሳኋት።

በማግስቱ አዘዞ አንድ የቆዩ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። «ጋሼ፣ ቻርጅ ሳታበዛበት አትቀርም» አልኳቸው። አስነስተው ለኩ፦ 14.2 ቮልት። «ቻርጇስ ጤነኛ ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ የባትሪውን ስድስት ክዳኖች አንድ በአንድ ፈቱና «ና እስቲ እየው» አሉ። አራቱ ውሃቸው ከመስመሩ እምብዛም አልወረደም። በማርሚታው በኩል ያሉት ሁለቱ ግን ፕሌታቸው እስኪታይ ደርቀዋል። ቻርጅ በዝቶ ቢሆን ስድስቱም እኩል በጎደሉ ነበር።

የማርሚታው ሙቀት መሆኑን ግን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። እናቴ ለስለት ጧፍ ከምትሠራበት ሰም ትንሽ ለመንኳት። ንጹህ የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ወስጄ አንዱን በማርሚታው በኩል ባለው የባትሪው ጎን፣ ሌላውን በወዲያኛው ለጠፍኩ። ቆላ ድባ ደርሼ ወዲያው ሽፋኑን ስከፍት ሁለቱም እንዳሉ ናቸው። ሩብ ሰዓት አቁሜያት ስመለስ ግን የማርሚታው በኩል ሰም ቀልጦ ባትሪው ላይ ቢጫ መስመር እያሰመረ ወርዷል። የወዲያኛው ቅርጹ እንኳ አልተለወጠም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ስትነዳ ነፋሱ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ስታቆም ነፋሱ ይቀራል፤ ቱቦው ግን ገና እሳት ነው። ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ባትሪው ነው። እኔ በቀን ስምንት ዘጠኝ ቦታ እቆማለሁ። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል።

የተናደድኩበት ነገር ምን መሰላችሁ? ማርሚታው በውጭ በኩል መከለያ አለው፤ የነጂውን እግር እንዳያቃጥል ነው። ደግ አደረጉ። በውስጥ በኩል፣ በባትሪው ፊት፣ አንዲት ቁራጭ ላሜራ የለም። ለእግሬ ያሰበ ሰው ለባትሪው ማሰብ እንዴት አቃተው?

ሻጩ ቢያገኘኝ «ቆላ ለቆላ ስለምትነዳት ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ የምወርድበት የደምቢያ ሜዳም ቢሆን 1,800 አካባቢ ነው። በዚህ አየር ያልቻለች መተማ ብትወርድ ምን ልትሆን ነው? «ርካሽ ባትሪ ገዝተህ» እንዳይለኝ ደግሞ የመጀመሪያው ከራሷ ጋር የመጣው ነው።

መጀመሪያ ቱቦውን ሙቀት በሚችል ጨርቅ ልጠቀልለው አስቤ ነበር። ጋሼ ከለከሉኝ፤ ጨርቁ ውሃ ይይዝና ቱቦውን ያዝገዋል አሉ። በምትኩ በካርቶን ልክ አወጣን። ጎንደር አራዳ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ በልኩ የአሉሚኒየም ላሜራ ቆረጠልኝ። በሁለት ቡሎን ከባትሪው ፊት ታሰረ፤ ቱቦውንም ባትሪውንም እንዳይነካ ከኋላው ሮንዴላ ደራረብንበት። አየር ማለፊያ ከሌለው ላሜራው ራሱ ግሎ ሙቀቱን ለባትሪው ያቀብላል።

ሰሙን እንደገና ለጠፍኩ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቦታ፣ ያንኑ ሩብ ሰዓት። ጠርዙ ለስለስ ብሏል እንጂ አልፈሰሰም። ሦስተኛው ባትሪ ከሚያዝያ ጀምሮ አለ። በየወሩ እከፍተዋለሁ፣ ስድስቱም እኩል ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ጅረት ሞልቶ እስከ ሞተሩ ድረስ በውሃ ውስጥ ተሻገርኩ። ማርሚታው ጠብታ አልነካውም። ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ከማዶ ቆሜ ውሃው እስኪጎድል እጠብቅ ነበር። ስለዚህ አልሸጣትም። ሻጩን ግን ይቅር አላልኩትም፤ የሁለት ባትሪ ገንዘቤን የበላችው በአንድ ቁራጭ ላሜራ ምክንያት ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ይህችኑ ዓይነት ሊገዛ ነው። ግዛት አልኩት፤ ግን ከመክፈልህ በፊት የጎን ሽፋኑን አስፈታ፣ ቱቦውን ቀዝቃዛ እያለ ከሲሊንደሩ ጀምረህ በጣትህ እየተከተልክ በላዩ ምን እንዳለ እይ። የካርቶኑን ልክ ሰጥቼዋለሁ። ቅዳሜ አራዳ ሊያስቆርጥ ነው።