ያገለገለ ቶሃትሱ 6 ፈረስ ጉልበት ሞተር ለካታሊና 22 ሸራ ጀልባዬ፣ ሁለት ሰመር ከሠራሁበት በኋላ

ለሚቸኩል ሰው ባጭሩ ልበለው። ቶሃትሱ ሴይል ፕሮ አውትቦርድ (ከጀልባ ጀርባ የሚንጠለጠል ሞተር)፣ 6 ፈረስ ጉልበት፣ ፎር ስትሮክ፣ ሻፍቱ (ወደ ውሃ የሚወርደው እግሩ) 25 ኢንች፣ ያገለገለ፣ 850 ዶላር ነው የገዛሁት፣ አሁን ሁለተኛ ሰመሩን እየጨረሰልኝ ነው። ከ5 ኮከብ 4 ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿ በምን እንደተቀነሰች ወደ ታች እደርስበታለሁ። ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ከሱ በፊት የገዛሁት ሌላ ሞተር ነው፣ እሱ ላይ የተሳሳትኩትን ሌላ ሰው እንዳይሳሳት በጣም እፈልጋለሁ። ያገለገለ ሞተር የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀው ስንት ፈረስ ጉልበት ነው፣ የስንት ዓመተ ምህረት ነው፣ ዋጋው ስንት ነው ነው። ለሸራ ጀልባ ከሆነ እባካችሁ መጀመሪያ ሻፍቱ ስንት ኢንች ነው በሉ።

ጀልባዬ ካታሊና 22 ናት፣ አሮጌ ናት ግን ንጹህ ናት፣ ርዝመቷ 21 ጫማ ተኩል፣ ክብደቷ ባዶዋን 1 ቶን ገደማ። የማቆማት ሜሪላንድ ዴል ውስጥ ሮክሆልድ ክሪክ ላይ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ትራፊክ ከሌለ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዛ ወጥታችሁ ሄሪንግ ቤይ ትገባላችሁ፣ ከዛ ትልቁ ባሕረ ሰላጤ፣ ቼሳፒክ፣ ይከፈትላችኋል። ክሪኩ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ጀልባ ታስሮበታል፣ የመውጫው ቻነል ደሞ ከምልክቱ ትንሽ ዘወር ካላችሁ መሬት ይይዛችኋል። "ሸራ ያላት ጀልባ ሞተር ምን ያረግላታል?" የሚሉኝ ሀበሾች ብዙ ናቸው፣ መልሱ ይሄው ነው፣ እዛ ክሪክ ውስጥ በሸራ መውጣት የሚችል ሰው አለ፣ እኔ አልችልም። ሐምሌ ላይ ደሞ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ድርግም ይላል፣ ውሃው እንደ መስታወት ይሆንና ትቆማላችሁ፣ ከዛ ደሞ ከምዕራብ በኩል ጥቁር ደመና ይመጣል። እዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው የሰመርን የማታ ዝናብ ያውቀዋል፣ ውሃ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሞተር 5 ፈረስ ጉልበት ነበረ፣ ሻፍቱ 15 ኢንች፣ የሸጠልኝ ሰው ጎማ ጀልባ ላይ ነበረ የሚጠቀምበት። ስጠይቀው "ለማንኛውም ትንሽ ጀልባ ይሆናል" አለኝ፣ አመንኩት፣ እውነትም ክሪኩ ውስጥ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ አሪፍ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ሄሪንግ ቤይ ላይ እያለን ደመናው መጣ። ባለቤቴ መሪውን ይዛለች፣ እኔ ሸራውን ላወርድ ወደ ፊት ሄድኩ። እኔ ፊት ስቆም ክብደቴ አፍንጫዋን ወደ ታች ሲያረገው ኋላዋ ተነሳ፣ ፕሮፔለሩ ከውሃ ወጣና ሞተሩ ጮኸ፣ ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ መኪና ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ነዳጅ ስትሰጡት እንደሚጮኸው ማለት ነው። ማዕበሉ ሲያልፍ ተመልሶ ይነከራል፣ ትንሽ ይገፋል፣ ደሞ ይወጣል። ባለቤቴ "ምን ላርግ? ላጥፋው?" እያለች ነው፣ እኔ ከፊት ሆኜ የምላትን አትሰማኝም። ቻነሉ ጋ እስክንደርስ 40 ደቂቃ ፈጀብን፣ በደህናው ቀን 10 ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ጠፍጣፋ ክንፍ የመሰለች ብረት አለች፣ እሷ ሁሌም ውሃ ውስጥ መሆን አለባት። ከውሃ ከወጣች ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፣ አየር ከሳበ አይገፋም፣ በዛ ላይ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከታች በሚስበው ውሃ ስለሆነ ማቀዝቀዣም ያጣል። ጎማ ጀልባ ጀርባው ዝቅ ያለ ስለሆነ 15 ኢንች ይበቃዋል። የሸራ ጀልባ ጀርባ ከፍ ያለ ነው፣ በማዕበል ላይ ደሞ እንደ ሚዛን ፊትና ኋላ ትወዛወዛለች። ለካታሊና 22 ትንሹ 20 ኢንች ነው፣ 25 ከተገኘ በጣም የተሻለ ነው። ሻጩ የነገራችሁን አትመኑ፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ሞተሩ ጀልባው ላይ ከሚቀመጥበት ከመያዣው ውስጠኛ ጫፍ ጀምራችሁ እስከዛች ጠፍጣፋ ብረት ድረስ ለኩ። ቶሃትሱ ላይ የሞዴሉ ቁጥር ራሱ ይናገራል፣ መጨረሻው ላይ ኤስ ካለ 15፣ ኤል ካለ 20፣ ዩኤል ካለ 25 ነው።

ፈረስ ጉልበት ላይ ብዙ አልቆይም። ብዙ ሰው 9.9 ይግዛ ይላል፣ እኔ ለዚች ጀልባ አልስማማም። እንደዚህ አይነት ጀልባ ቀፎዋ ውሃውን እየከፈለች የምትሄደው እስከተወሰነ ፍጥነት ብቻ ነው፣ ለካታሊና 22 እሱ 6 ኖት ገደማ ነው፣ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ከዛ በላይ ሞተር ብትጨምሩ ኋላዋ ይሰምጣል እንጂ አትፈጥንም። 9.9 ደሞ 40 ኪሎና ከዛ በላይ ይመዝናል፣ ያ ሁሉ ክብደት ጫፍ ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ ሴይል ፕሮው 27 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ለብቻዬ ተሸክሜ አወርደዋለሁ። ነዳጁን እስከ ግማሽ ብቻ ሰጥቼው 5 ኖት ትሄድልኛለች፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣባት የቀረውን እጨምራለሁ። ሴይል ፕሮ የሚባለው ከሌላው 6 የሚለይበት ለሸራ ጀልባ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው፣ ፕሮፔለሩ ለፍጥነት ሳይሆን ለመግፋት ነው፣ ባትሪ የሚሞላ ባለ 5 አምፔር ቻርጀርም አለው። ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገቡት ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ ያቆማታል፣ ቦታዬ ስገባ ይሄ ነው በጣም የወደድኩለት።

ፍለጋ ላይ ላላችሁ አንድ የሚጠቅም ነገር። ቶሃትሱ ትንንሽ ሞተሮችን ለሜርኩሪም ይሠራል፣ አሜሪካ ውስጥ ኒሳን ተብለው ሲሸጡ የነበሩት አውትቦርዶችም ቶሃትሱ ናቸው። ስለዚህ ስትፈልጉ ሦስቱንም ስም ጻፉ፣ ቀለሙና ስቲከሩ ነው የሚለየው፣ ብዙው መለዋወጫ አንድ ነው። በዛ ላይ የቶሃትሱ 4፣ 5 እና 6 ፈረስ ጉልበት ባለ ፎር ስትሮኮቹ አንድ አይነት 123 ሲሲ ሲሊንደር ነው ያላቸው፣ ጥሩ 5 ካገኛችሁ 6 አይደለም ብላችሁ አትለፉት፣ ሻፍቱ ረጅም ይሁን ብቻ።

አሁን ወደ ግዢው። ሁለተኛውን ለማየት ጋሼን ይዤ ነው የሄድኩት። ጋሼ የምለው ሰፈራችን ያለ መካኒክ ነው፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲመርጥ ነው ያደገው፣ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም ግን ሞተር ሞተር ነው ይላል። ሻጩ ቤይ ብሪጅን ተሻግሮ ኢስተርን ሾር ላይ የሚኖር ጡረተኛ ሽማግሌ ነው፣ ጀልባውን ሸጦ ሞተሩ ቀርቶበት ነበር። አስቀድሜ ደውዬ "እባክህ እኛ ሳንደርስ እንዳታስነሳው" አልኩት፣ ይሄን ጋሼ ነው ያዘዘኝ። ስንደርስ ሞተሩ ትልቅ የውሃ በርሜል ውስጥ ቆሟል። ጋሼ ሰላምታ እንደጨረሰ ኮፈኑን አንስቶ እጁን ሲሊንደሩ ላይ አደረገ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዛ በአማርኛ "ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውየው ጨዋ ነው" አለኝ። ሞቆ የጠበቀ ሞተር ሁሉ በአንዴ ይነሳል፣ እናንተ ማየት የምትፈልጉት ጠዋት በብርድ እንዴት እንደሚነሳ ነው።

የማስነሻ ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ስንስበው ተነሳ። ከጀርባው የምትወጣውን ቀጭን የውሃ መስመር አየን፣ ሳትቆራረጥ ቀጥ ብላ መውጣት አለባት፣ እጄን ሳደርግባት መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበረች፣ በኋላ ለብ አለች፣ እንደዛ ከሆነ ፖምፓውም ቴርሞስታቱም ይሠራሉ ማለት ነው። ቾኩን ወደ ውስጥ መለስነው፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳንሰጠው) ያዘ። ጋሼ 15 ደቂቃ ሙሉ እንዲሠራ አስደረገው፣ እኔ አፍሬ ነበር፣ ሽማግሌው ግን ወንበር አምጥቶ አብሮን ተቀመጠ። ከጠፋ በኋላ "የካምቢዮውን ዘይት ላይ ይፈቀድልኛል ወይ በለው" አለኝ፣ ፈቀደ። የታችኛዋን ቡሎን ትንሽ ላላ አድርጎ ነጭ ሶፍት ላይ ጥቂት ጠብታ ተቀበለ። ዘይቱ ጥርት ያለ ነበር። ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ውሃ የሚከለክለው የጎማ መዝጊያ (ሲል) ተበልቷል ማለት ነው፣ እንደዛ ሲሆን ዋጋው ምንም ቢሆን ተዉት።

ከዛ ፕሮፔለሩን አወለቅነው። ይሄን ብዙ ሰው አያደርገውም። ከጀርባው ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወጣ፣ ጋሼ በጥፍሩ እየፈታ መዳፍ የሚሞላ አወጣ። ያ ናይለን እየቆየ ሲሉን የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ዘይቱ ጥርት ያለ ስለነበረ ገና አልቆረጠውም፣ ግን ሽማግሌው ራሱ ደነገጠና 950 ያለውን 850 አደረገልን፣ እኛ ሳንጠይቀው። ሌላው ያየነው አኖዱን ነው፣ ዝገት ሌላውን ብረት ትቶ እሱን እንዲበላ ተብሎ የምትደረግ ብረት ናት፣ ግማሿ ተበልታለች፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ሥራዋን ሠርታለች። ቀለም ተቀብታ ካያችኋት ግን አትሠራም፣ እንደዛ ያደረገ ሰው ሌላውንም እንዴት እንደያዘው ገምቱ። የሴሪያል ቁጥሩ ሳይፋቅ መኖሩን አይተን ከፈልን። ባለ ሁለት ሲሊንደር የምትገዙ ከሆነ ደሞ ኮምፕሬሽን መለኪያ ውሰዱ፣ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ከ10 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ግማሿ ኮከብ በካርቡራተሩ ነው የተቀነሰችው። የመጀመሪያውን ክረምት አሳልፌ ሚያዝያ ላይ ሳስነሳው ያለ ቾክ አልሠራም አለኝ፣ ቾኩን ስመልሰው ይሞታል። እዚህ አገር ተራው ጋዝ (ቤንዚን) 10 ፐርሰንት ኢታኖል አለበት፣ ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ የቆየ ጋዝ ደሞ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ የዚህ ሞተር ካርቡራተር ውስጥ ያለችው ነዳጅ ማሳለፊያ፣ የሚኒሞ ጂግለር፣ ቀዳዳዋ ከመርፌ ቀዳዳ በጣም የጠበበች ናት፣ በትንሽ ነገር ትደፈናለች። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ፈታሁት፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አንዲት ክር መዝዤ አሳለፍኩባት፣ ወደ መብራት ይዣት ብርሃኑ ሲታየኝ መልሼ ገጠምኳት፣ ከዛ ወዲህ አላስቸገረኝም። አሁን ሁሌ ስጨርስ የጋዙን ቱቦ ነቅዬ ራሱ እስኪጠፋ አስጨርሰዋለሁ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ደሞ ኢታኖል የሌለበት ጋዝ ነው የማደርግበት። ችግሩ የታወቀ ነው፣ አምራቹ ቀዳዳዋን ትንሽ ሰፋ ማድረግ ነበረበት ባይ ነኝ። አንድ ሲሊንደር ስለሆነም ይንቀጠቀጣል፣ ሚኒሞ ላይ ወንበራችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ እሱን ለምጄዋለሁ።

ሞተሩ የተፈተነው ነሐሴ ላይ ነው። ቼሳፒክ ላይ በሰመር የክራብ ወጥመድ ተንሳፋፊዎች በየቦታው አሉ፣ ገመዳቸው ወደ ታች የተዘረጋ ነው፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን አይታዩም። አንዱ ያዘኝ፣ ሞተሩ በአንዴ ጠፋ። ቁልፉን ነቅዬ፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንስቼ፣ ሆዴን ኋላው ጠርዝ ላይ ተኝቼ በቢላ ቆረጥኩት፣ ጄሊፊሽ በዛ ሰሞን ስለሚበዛ ውሃ ውስጥ መግባት አልፈለግኩም። ስስበው በመጀመሪያው ተነሳ። ቤት ስደርስ ፕሮፔለሩን ፈትቼ አየሁት፣ የካምቢዮ ዘይቱንም አየሁት፣ ሰላም ነው።

ቱ ስትሮክ ላገኛችሁ፣ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ግን ዘይት ከጋዝ ጋር ማደባለቅ አለ፣ ጭሱም ኋላ ለተቀመጠ ሰው ጥሩ አይደለም፣ ልጆች ካሏችሁ አልመክርም። ኤሌክትሪኩንም አይቼ ነበር፣ 1 ኪሎ ዋት የሆኑት በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሄዱ ነው፣ ትንሽ ሐይቅ ላይ ላለ ሰው ቆንጆ ነው፣ ደመና ለሚያባርረው ሰው አይበቃም።

ገዝታችሁ በመኪና ስታመጡት ደሞ ፎር ስትሮክን በፈለጋችሁት ጎን አታስተኙት፣ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል፣ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ ራሱ ሞተሩ ላይ ተለጥፏል። እኔ ኮሮላ ኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ በትክክለኛው ጎኑ አስተኝቼ ነው ብሪጁን የተሻገርኩት፣ ጋሼ እስክንደርስ ወደ ኋላ እየዞረ ያየው ነበር። ያኔ አዲሱ ወደ 2,000 ዶላር ስለነበረ ከግማሽ በታች ነው የከፈልኩት፣ በላዩ ላይ ያወጣሁት የፖምፓውን ኢምፔለር፣ ካንዴላውን፣ አኖዱንና ዘይቱን ነው፣ ሁሉም ተደምሮ 100 ዶላር አልሞላም።

የድሮውን ሞተር ጎማ ጀልባ ላለው ሰው በ300 ዶላር ሸጥኩት፣ ማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ሻፍቱ 15 ኢንች መሆኑን ጽፌ።