ልጆቻችንን ቀስ ብሎ መሮጥ ላስተማሩልን መምህር የቀረበ ምስጋና

በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ሐይቅ ዳር ባለው የእግር መንገድ ላይ ቅዳሜ ማለዳ የሚራመድ ሰው እኚህን መምህር ሳያያቸው አይቀርም። ጡረታ የወጡ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ናቸው፤ ፊሽካ ከአንገታቸው ባይለይም ሲነፉት የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለ ጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬ «መምህራችን» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ልጆቼ ግን «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ቤተሰባችን ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት መርጃ በተዘጋጁ ሦስት ሩጫዎች ከነልጆቹ ተሳትፎ ሦስቱንም በሰላም የጨረሰው በእርሳቸው ድካም ነውና፣ ይህን የምጽፈው ምስጋናዬን ለማድረስ፣ እንዲሁም እንደ እኛ ትናንሽ ልጆች ይዘው ለበጎ ሥራ መሮጥ የሚያስቡ ወላጆችን ወደ እርሳቸው ለመጠቆም ነው።

ለምን እንደምንሮጥ ሳልናገር የሠሩልንን ሥራ ማስረዳት አልችልም። የመጨረሻው ልጃችን የተወለደው በ31ኛው ሳምንት ነው። ከ37 ሳምንት በፊት የሚወለድ ሕፃን ያለጊዜው ተወለደ ይባላል፤ የእኛ ልጅ ሚዛን ላይ ሲወጣ 1,450 ግራም ነበር። በዚያ ዕድሜ በሚወለድ ሕፃን ሳንባ ውስጥ፣ ጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች አየር ባስወጡ ቁጥር እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ፈሳሽ ገና በበቂ መጠን አልተመረተም፤ አንጎሉም መተንፈስን በቅጡ ስላልለመደ ሕፃኑ አንዳንድ ጊዜ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ይህ በደረሰ ቁጥር ተረኛዋ ነርስ ጎንበስ ትልና ውስጥ እግሩን በጣቷ ጫፍ መታ መታ ታደርገዋለች። እግሩ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም ነበር። ደረቱ እንደገና ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ቀና ብላ ወደሚቀጥለው ሕፃን ትሄዳለች፤ እኔ ግን ዓይኔን ከዚያ እግር ላይ መንቀል አልችልም ነበር።

ኦክስጅኑ ከተነሣለት በኋላ ያሉትን ሳምንታት ያሳለፍነው በካንጋሮ እንክብካቤ ነው። ይህ ዘዴ በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ከተማ የተጀመረ ሲሆን፣ የማሞቂያ መሣሪያ እጥረት ያስጨነቃቸው ሐኪሞች ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ገላ ማሞቅ ጀምረው ነው ለዓለም ያስተማሩት። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ካልሲና ኮፍያ ብቻ አድርጎ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ይታሰራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። ቀን እኔ፣ ማታ ባለቤቴ ታሰርነው። በክፍሉ ውስጥ ከዘጌ፣ ከመራዊና ከአዴት የመጡ፣ ከደሴትም በጀልባ ተሻግረው የደረሱ እናቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ለልጇ ኮፍያ የምታደርግለት አጥታ የራሷን ሻሽ ቀዳ የጠቀለለችለትን እናት እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አሳይቷል። ሙቀት ደግሞ ከብዙው መድኃኒት ይልቅ በእጃችን ያለ ነገር ነው። በዚህ መንገድ ያለፍን ጥቂት ወላጆች ተሰባስበን በየሩጫው ዘመድ ወዳጅ ለልጆቻችን ዙር ቃል የሚገባውን ገንዘብ ለኮፍያ፣ ለካልሲ፣ ለማሰሪያ ጨርቅና አጠገባቸው ሰው ለሌላቸው አራሶች ምግብ የምናውለው ስለዚህ ነው።

መምህራችንን ያገኘናቸው ግን በስህተታችን ነው። ለመጀመሪያው ሩጫ ሦስት ወር ሲቀረን፣ ልጆቹን ራሳችን እናሠለጥናለን ብለን አንድ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድናቸው። ባለቤቴ በወጣትነቱ ይሮጥ ስለነበር እርሱ ፊት ፊት ሲሄድ የሰባት ዓመቱ ልጃችን አባቱን ላለማጣት ባለ በሌለ ኃይሉ ተከተለው። ብዙም ሳይርቅ ጎኑን ይዞ ተቀመጠ፤ ቁርሱን አስመለሰው፤ ከዚያም ዕንባውን በእጅጌው እየጠረገ «ከእንግዲህ አልሮጥም» አለ። እኔም በዚያች ቅጽበት «እንዲህ በቀላሉ ተስፋ አይቆረጥም» አልኩት፤ ይህን ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከቅርብ ርቀት ሌሎች ልጆች እያሠሩ የነበሩት መምህር መጡና በትሕትና ፈቃድ ጠየቁ። ያናገሩት እኛን ሳይሆን ልጁን ነው። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው «የኔ ጌታ፣ የቱ ጋ ነው የወጋህ?» አሉት። በጣቱ አሳያቸው። «እሱ የሚወጋው ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም፤ ስለ ፈጠንክና በልተህ ስለ መጣህ ነው። እኔንም ይወጋኛል» አሉት። ከዚያም ወደ ባለቤቴ ዞረው «የቤተሰብ ሩጫ ፍጥነቱ የትንሹ ልጅ ፍጥነት ነው» ብለው፣ ከፈለግን በሚቀጥለው ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንድንመጣ ነገሩን።

በእነዚያ ሦስት ወራት ያስተማሩን ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የሮጥነው ከዘንባባ እስከ ዘንባባ ነው፤ የአንዱን ዘንባባ ርቀት ሶምሶማ፣ የሁለቱን ዘንባባ ርቀት ደግሞ እርምጃ። ሰዓት አልተያዘም። ልጆቹ እየሮጡ ቁርስ ምን እንደሚበሉ፣ ትናንት ማን እንደ ተጣላ፣ ሐይቁ ላይ ስንት ታንኳ እንዳዩ ለእርሳቸው መንገር ነበረባቸው፤ ወሬው ሲቆራረጥ ሁላችንም ወደ እርምጃ እንመለሳለን። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ለተወለደባትም ሰው ቢሆን ከቆላው የሳሳ ነውና፣ ትንፋሹን ሳያስለምድ የሚሮጥ ልጅ ሩጫን የሚያውቀው በሕመሙ ነው ይላሉ። በሁለት ልምምድ መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን እንዲኖር አዘዙን፤ በዕረፍቱ ቀን ልጆቹ እንደ ልባቸው እንዲጫወቱ እንጂ እንዲሠሩ አይፈቅዱም። ለአራት ዓመቱ ልጃችን የፈቀዱለት 200 ሜትር ብቻ ነው፤ እርሱ ቢለምናቸውም አልጨመሩለትም።

ስለ ጫማ ያላቸው ጥንቃቄ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በመጀመሪያው ቀን የሦስቱንም ልጆች ጫማ አስወልቀው አንድ በአንድ በሁለት እጃቸው አጠፉት፤ ጫማው መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ሥር እንጂ ወገቡ ላይ አለመሆኑን አሳዩን። ቀጥለው ልጁን አቁመው ከረጅሙ ጣት ፊት በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፤ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይበቃል። እኛ ለሁለተኛው ልጃችን «ያድግበታል» ብለን ሁለት ቁጥር የበለጠ ጫማ ገዝተንለት ነበርና፣ ተረከዙ ለምን ሁልጊዜ እንደሚላጥ ያን ቀን ገባን። አዲስ ግዙ አላሉንም። የታላቅ እኅቱ አሮጌ ጫማ ልኩ ሆኖ ስላገኙት፣ ሶሉን መንገድ ዳር ያለ ጫማ ሰፊ እንዲሰፋው አድርገው ሦስቱንም ሩጫ በእርሱ ሮጠ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ልጆቹ ለማን እንደሚሮጡ እንዲያውቁ ስላደረጉልኝ ነው። አንድ ቀን የትንሹን ልጅ የሆስፒታል ኮፍያ ይዤ እንድመጣ ጠየቁኝ። ከኪሳቸው ብርቱካን አውጥተው ኮፍያውን አለበሱት፤ ልክክ አለ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ብርቱካኑን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ ስታገላብጠው ቆየችና «ጭንቅላቱ ይህን ያህል ነበር?» አለች። ወንድሟም የራሱን ኮፍያ መልሶ ሊያደርገው ሞከረ፤ ከአናቱ አላልፍ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ትልልቆቹ ዙራቸውን የሚቆጥሩት በኮፍያ ነው፤ «ዛሬ አራት ኮፍያ ሮጥኩ» ይላሉ። አያታቸው፣ አጎቶቻቸውና የዕድራችን ሰዎች ቃል የሚገቡትም በዚሁ ቋንቋ ሆነ፤ ለአንድ ዙር የአንድ ኮፍያና የአንድ ጥንድ ካልሲ ዋጋ።

መምህራችን ለሁሉም ወላጅ ይስማማሉ አልልም። ልጁን ለውድድርና ለሜዳሊያ ለማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ከእርሳቸው ጋር አይግባባም። አንድ አባት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ጠቅሶ ልጁ እንዲጨመርለት ሲሞግታቸው ሰምቻለሁ፤ «እርሱ የሮጠው ደወሉ እንዳያመልጠው ነው፤ ሰዓት የያዘበት ሰው አልነበረም» ብለው መለሱለት እንጂ አልጨመሩለትም። ሰዓት ማክበርም ላይ ጥብቅ ናቸው፤ ፀሐይዋ ሳትጠና ልምምዱ ማለቅ ስላለበት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ የደረሰ ቤተሰብ የዚያን ቀን ይራመዳል እንጂ አይሮጥም። ወላጅ ዳር ተቀምጦ ስልኩን እንዲያይም አይፈቅዱም፤ «ልጅዎ የሚሮጠው እርስዎን እያየ ነው» ይላሉ፤ እኔም ከሁለተኛ ልጄ ወዲህ ሮጬ የማላውቀው ሴት በዚሁ ምክንያት ሦስቱንም ሩጫ ከልጆቼ ጋር ሮጥኩ። ክፍያቸው የማንንም ኪስ አይጎዳም። ከእኛ የአንዱን ወር ብቻ ተቀብለው የቀረውን በሕፃናቱ ሣጥን ውስጥ እንድንጨምረው ነግረውናል፤ ጨምረናል፤ ደረሰኙንም አሳይተናቸዋል።

የመጀመሪያው ሩጫ የተካሄደው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በዓለም ዙሪያ በሚታሰቡበት ቀን፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ ሳምንት ግድም ነበር፤ ሐይቁ ከክረምቱ ሞልቶ፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ሆኖ። ሁለተኛው በጥር ያለ ችግር አለፈ። በሦስተኛው፣ በግንቦቱ፣ ሙቀቱ ስለ በረታ መምህራችን አስተባባሪዎቹን አነጋግረው የልጆቹ ሩጫ ቀድሞ እንዲጀመር አስደረጉ፤ ፊሽካቸውን ሲነፉ ከሰማኋቸው ሁለት ጊዜያት አንደኛው ያን ዕለት ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የቆሙትን ሕፃናት ወደ ዋርካው ጥላ ለመሰብሰብ የነፉት ነው። ለሴት ልጄም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድሞቿ ተለይታ በራሷ ፍጥነት እንድትሮጥ ፈቀዱላት። ስትጨርስ ፊቷ ቀልቶ፣ ግን እያወራች ደረሰች።

ትንሹ ልጄ 200 ሜትሩን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው የጫማው ክር ተፈታ። ሌሎቹ አልፈውት ሄዱ፤ እርሱም ቆሞ ወደ እግሩ ተመለከተ። መምህራችን በዚያ ዕድሜያቸው አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው እግሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ክሩን ሁለቴ ቋጠሩለት። ሲጨርሱ የጫማውን ሥር በጣታቸው መታ መታ አድርገው «በል ሂድ» አሉት። ያችን የሆስፒታል ነርስ አያውቋትም፤ ስለ እርሷም ነግሬያቸው አላውቅም። ልጄ ሮጦ መስመሩን ሲያልፍ እኔ ቆሜ አለቅስ ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

አዲስ ቤተሰቦችን የሚቀበሉት ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ወር ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ከአምስት ቤተሰብ በላይ አይዙም። ልታገኟቸው የምትፈልጉ ወላጆች በግል መልእክት ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ፤ ወይም ማክሰኞና ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ልጆቻችሁ ሳይበሉ ይምጡ፤ ሙዝና በሶ ይዛችሁ ከልምምዱ በኋላ ታበሏቸዋላችሁ። ጫማም ቀድማችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ እርሳቸው ያለውን ይዩት።